ሁሉም «ኔትወርክ ነው»

ወልድያ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ ጥፋተኛው ሳይመረመር ይታወቃል፤ ኔትወርክ ነው። ባንክ ገብቶ የተሰለፈ ሰው «ሲስተም የለም» ይባላል። ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ ላሳድስ ያለ «ኔትወርክ እስኪመጣ ተቀመጥ» ተብሎ አግዳሚ ወንበር ሲያሞቅ ይውላል። ስልኩ ከተንቀራፈፈ ኔትወርክ፣ ኮምፒውተሩ ድንገት ከጠፋ መብራት፣ ላፕቶፑ ከጋለ የመርሳ ሙቀት። ምርመራ ብሎ ነገር የለም፤ ፍርዱ ከክሱ ቀድሞ ያደረ ነው። እኔም እንጀራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ይህች ቃል ከአፌ አትጠፋም። ደንበኛ ሲደውል «አብሽር፣ ኔትወርክ ነው» እላለሁ፤ እሱም አምኖ ስልኩን ይዘጋል። ስንት ዘመን ያኖረችኝ ሰበብ ነበረች። አሁን አሁን ግን እኔው ራሴ ማመን አቃተኝ፤ የምሬቴ ሁሉ መነሻም ይኸው ነው።

ሥራዬን ልንገራችሁ። መርሳ ላይ ብርቱካንና ማንጎ ለሚያከፋፍሉ አንድ ሐጂ የዱቤ መዝገብ ሠርቼላቸዋለሁ። ማን ስንት ሣጥን ወሰደ፣ ስንት ከፈለ፣ ስንት ቀረበት፤ በቃ ይኸው ነው። እኔ በእጄ የጻፍኩት ኮድ ቢታተም አንዲት ቀጭን የተማሪ ደብተር አይሞላም። ያችን ለማስነሳት ግን ተርሚናሉ ላይ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ብዬ ስጽፍ ከሺህ በላይ ፓኬጅ፣ ማለትም ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያስቀመጡት ዝግጁ ኮድ፣ ይግተለተላል። አንዱ ቀን ያስተካክላል፣ አንዱ ጽሑፍ በቀለም ያወጣል፣ አንዱ ሌላውን ይጠራል፣ የተጠራው ደግሞ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ይመጣል። አንድ ቁጥር ጎዶሎ መሆን አለመሆኑን ብቻ የሚናገር ፓኬጅ ሳይቀር አለ፤ ቀልዴን አይደለም። ዳታዬ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ማውረዱ ሲያበቃ ስክሪኑ ላይ ጥቂት መስመር ይቀራል። መጀመሪያ ይህን ያህል ፓኬጅ ተጨመረ ይላል። ቀጥሎ ከእነዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ የገንዘብ ድጋፍ ይሻሉ ይላል። በመጨረሻ ይህን ያህል የደህንነት ቀዳዳ ተገኝቷል፣ ይህን ያህሉም አደገኛ ነው ይላል። የምሥራች፣ ልመናና ማስፈራሪያ በአንድ ትንፋሽ! ከዚያ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቀኛለች። ምን ላድርግ ነው? ሺህ ፓኬጅ አንድ በአንድ ከፍቼ ላንብብ? እሺ ላንብብ ብል ደግሞ የነገው እትም ሌላ ነው።

ኤንፒኤም የጃቫስክሪፕት ሰዎች የጋራ ማከማቻ ነው፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ፓኬጅ ይዟል። ፓይተን የሚጽፉት ደግሞ ፓይፒአይ የሚባል የራሳቸው አላቸው። ማንም ሰው ተመዝግቦ የሠራውን ያስቀምጣል፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ያወርዳል። ደግነቱ አይካድም። እኔን የመሰለ የወሎ ልጅ ሎንዶንና ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ሰው በያዘው መሣሪያ እንዲሠራ ያደረገው ይኸው ነው። ግን የቱን ያህል በቀጭን ክር እንደተንጠለጠልን እ.ኤ.አ. በ2016 ታየ። ከአንድ ጽሑፍ በግራ በኩል ክፍት ቦታ የምትሞላ፣ 11 መስመር ብቻ የሆነች ኮድ ነበረች፤ ሌፍት-ፓድ ትባላለች። ባለቤቷ በሌላ ፓኬጁ ስም የተነሣ ከኤንፒኤም ጋር ተጣልቶ ሥራውን በሙሉ ቢያነሣ፣ ትልልቆቹ የሶፍትዌር ቤቶች ሳይቀሩ ሥራቸው ለሰዓታት ተሰናከለ። ያን ጊዜ ተንኮል እንኳ አልነበረም፤ ኩርፊያ ነው።

አንድ ጠዋት ሐጂ ደወሉ። መዝገቡ አልከፈት ብሏቸዋል።

«ትናንት ደህና ያደረ ነገር ዛሬ ምን ነካው?»

«ምንም አልነካውም ሐጂ፣ ኔትወርክ ነው።»

«ኔትወርኩማ አለ። አሁን ከጂዳ ከልጄ ጋር በቪዲዮ አውርተን መዝጋታችን ነው።»

ሰበቤ እዚያው ተያዘች። ማታ በጠየቁኝ መሠረት አንዲት ዓምድ ጨምሬ እንደገና ስጭነው፣ ከሥር ካሉት ፓኬጆች አንዱ አዲስ እትም አውጥቶ ኖሮ አብሮ ወርዷል፤ ከሌሎቹ ጋርም አልተስማማም። ይህን በደህና አማርኛ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ማነው የለወጠው?»

«ባለቤቱ ነዋ ሐጂ።»

«ሰውየውን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«አገሩስ?»

«እሱንም አላውቅ።»

«ታዲያ አንተ ልጅ፣ የማታውቀው ሰው የሰጠህን ዕቃ ሳትፈታ ነው ሱቄ ያስገባኸው?»

ነገሩ ተራ ብልሽት ነበር፤ ከሰዓት በፊት ተስተካከለ። ጥያቄያቸው ግን እስካሁን አልተስተካከለም። እኔ ብቻ ብሆን መልስ ያጣሁለት ባልከፋ፤ ይህን ጥያቄ ጎግልና ማይክሮሶፍትም በወጉ አልመለሱትም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የሆነውን እንኳ እንይ። ኢቨንት-ስትሪም የሚባል፣ በሳምንት ከሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚወርድ ፓኬጅ ነበረ። ባለቤቱ ዶሚኒክ ታር ሠርቶ በነፃ ሰጥቶታል፤ ራሱ መጠቀም ካቆመም ቆይቷል። አንድ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው «ልርዳህ» ብሎ ጻፈለት። ያለ ደመወዝ የተሸከሙትን ሸክም ተቀብሎ የሚያሳርፍ ሰው ሲገኝ ማን እምቢ ይላል? አስረከበው። አዲሱ «ረዳት» ፍላትማፕ-ስትሪም የምትባል ሌላ ትንሽ ፓኬጅ ከሥር ሰካ። መርዙ እዚያች ውስጥ ተመስጥሮ ተቀምጧል። የምስጢሩ መፍቻ ደግሞ ኮፔይ የተባለ የቢትኮይን ቦርሳ ራሱን የሚገልጽበት አንድ አጭር ሐረግ ነው። ስለዚህ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ ምንም አያደርግም፤ ዝም ብሎ ይተኛል። ኮፔይ ውስጥ የገባ ዕለት ያን ሐረግ ያገኛል፣ ይፈታል፣ ይነቃል፣ የሰው ገንዘብ ቁልፍ ይለቅማል።

መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ይህን ቢሰማ አይደንቀውም፤ አቀንጭራን ያውቃታል። ዘሯ ከትቢያ የደቀቀ ነው፤ ከማሽላ ዘር ጋር ተቀላቅላ ብትመጣ ዓይን አይለያትም። አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳትበሰብስ ትተኛለች። የምትነቃው የማሽላ ሥር አጠገቧ ደርሶ ከሥሩ የሚወጣውን ኬሚካል የቀመሰች ዕለት ነው። ከዚያ ሥሩ ላይ ትጣበቃለች፤ ከመሬት በላይ ብቅ ብላ ያን ያማረ አበባዋን ስታሳይ ማሽላው ከሥር ተመጦ አብቅቷል። ገበሬው መጀመሪያ የሚያየው ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሆነ «ዝናቡ አጠረ» ይላል። ከመርሳ ወደ ወልድያ ስንሄድ የምናልፈው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ከዚህች አረም ጋር ሲታገል ዓመታት አስቆጥሯል። አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። ብልሃቱ ማሽላው ያን አረሟን የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል ከሥሩ አሳንሶ እንዲያወጣ ማድረግ ነው፤ ዘሯ አጠገቡ ተኝታ ትቀራለች። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ለአገራችን ገበሬ የተለቀቁት እንዲያ ነው። ለእኛ ለሶፍትዌር ሠሪዎቹ ግን ጎብዬም አብሽርም አልተለቀቀልንም።

ይህን ሳወራ ጓደኞቼ ቡና ላይ ይስቁብኛል። «እዚህ ሀብሩ ድረስ ማን ብሎ ይመጣብሃል? የሐጂን የብርቱካን ዱቤ ሩሲያ ትፈልገው ይመስል!» ይሉኛል። የሚያናድደኝ ይህች «ማን ይፈልገናል» የምትባል ነገር ናት። መጀመሪያ ነገር፣ ፈልጎ የሚመጣ የለም፤ እኛው ነን ሄደን የምናወርደው። ጳጉሜን 3 ቀን 2017፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ስናስማማ፣ ጆሽ ጁኖን የተባለ የታወቁ ፓኬጆች ባለቤት በተጭበረበረ ኢሜይል ተታሎ አካውንቱን ተነጠቀ። ኢሜይሉ የመጣው ከኤንፒኤም የድጋፍ ክፍል መስሎ ነው፤ «የደህንነት ማረጋገጫህን አድስ» ይላል። በእሱ እጅ የነበሩ 18 ፓኬጆች ተመረዙ፤ አንድ ላይ በሳምንት ከሁለት ቢሊዮን ጊዜ በላይ የሚወርዱ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ቾክ ነው፤ ተርሚናል ላይ ጽሑፍ በቀለም የሚያወጣው። የሐጂ መዝገብም ውስጥ አለ፤ የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። በሳምንቱ ደግሞ ሻይ-ሁሉድ የተባለ ትል መጣ፤ የአንዱን ፕሮግራመር ቁልፍ ሰርቆ፣ በዚያ ቁልፍ የእሱን ፓኬጆች መርዞ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እየተዛመተ ከ500 በላይ ፓኬጆችን አዳረሰ። ትሉ ወልድያን አያውቃትም። ማወቅም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ነገር፣ ኢትዮጵያዊን ማንም አይፈልገውም የሚለው ራሱ ውሸት ነው። ሲትዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ያወጣው ዘገባ አለ። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና አክቲቪስቶች በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው ነበር። ሲከፍቱት አንድ የታወቀ የቪዲዮ ገጽ የሚመስል ነገር ይመጣና «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርን ያድሱ» ይላቸዋል። ያደሰ ሰው የስለላ ፕሮግራም ጫነ ማለት ነው። ተቋሙ ሶፍትዌሩ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት መሆኑን ገልጾ፣ ጣቱን ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ቀስሯል። ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ልተውና እኔን የሚቆጠቁጠኝ ዘዴው ነው። «አድስ» የሚለውን ደግ ምክር ራሱን መርዝ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ እውነተኛው «አድስ» ከሐሰተኛው በምን ይለያል? ጆሽ ጁኖንን ያህል የተማረ ሰው ካልለየው ከጉባርጃ ወጥቶ በስልኩ ኮድ የሚለማመድ ልጅ እንዴት ሊለየው ነው?

ከሁሉም ግን የኤክስዚ ታሪክ ነው የሚያንገበግበኝ። ኤክስዚ ፋይል የሚያጨምቅ፣ በዓለም ያሉ የሊኑክስ ሰርቨሮች አብዛኞቹ የያዙት አነስተኛ መሣሪያ ነው። ላሴ ኮሊን የተባለ ፊንላንዳዊ በትርፍ ጊዜው ለብዙ ዓመት ተንከባክቦታል። ደከመው፤ የአእምሮ ጤናው እንዳልተመቸውም በአደባባይ ጽፏል። በዚህ መሀል ጂያ ታን ነኝ የሚል ሰው መጥቶ መርዳት ጀመረ። ሌሎች ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች ደግሞ ከጎን ሆነው ኮሊንን ይጎነትላሉ፤ ሥራው ዘገየ፣ ለሌላ ሰው ስጠው ይሉታል። ጂያ ታን ከሁለት ዓመት በላይ ደህና ሥራ ሠርቶ እምነት ካገኘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የኋላ በር አስገባ። ያውም ሰው ሁሉ በሚያየው የኮድ ማስቀመጫ ላይ ሙሉውን አላኖረውም፤ መርዙን የሚቀሰቅሰው ቁራጭ ያለው ተጠቅልሎ ለስርጭት በተዘጋጀው ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። ኮዱን ከፍቶ ያነበበ ሰው እንኳ የሚያገኘው ንጹሕ የሚመስለውን ነው። ሐጂ «ሳትፈታ ነው ወይ» ብለውኝ የለ? ይኸው፣ ብፈታውስ!

ያ በር ቢከፈት ኖሮ ባለቤቱ በዓለም ስፍር ቁጥር የሌለው ሰርቨር ውስጥ እንደልቡ ይገባ ነበር። ያስቆመው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። የደህንነት ባለሙያ እንኳ አይደለም፤ ሥራው ዳታቤዝ ነው። ከርቀት ወደ ሰርቨር መግባት ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። «ይህቺ ግማሽ ሰከንድ ከየት መጣች?» ብሎ ሲቆፍር ሲቆፍር ከጂያ ታን ሥራ ጋር ተገናኘ። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 ለዓለም አሳወቀ።

ግማሽ ሰከንድ! እስቲ ይህን ይዛችሁ ወልድያ ፒያሳ ኑ። ፍሮይንድ እዚህ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አናውቅም ነበር። እኔ ወደ ሰርቨር ለመግባት ትእዛዝ ሰጥቼ፣ ሻይ አዝዤ፣ ሻዩ መጥቶ፣ ስኳሩን አማስዬ ነው መልስ የሚመጣው። አንዳንዴ ጭራሽ አይመጣም። ግማሽ ሰከንድ ቀርቶ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ የምናገረው ያችኑ የለመድኳትን ቃል ነው። ያ ሰው የተንኮሉን ዱካ ያገኘው የእሱ ቤት ሁልጊዜ ደህና ስለሆነ ነው፤ ትንሽ ዝንፍ ሲል ይታወቀዋል። እኛ ጋ ዝንፍ ያላለ ቀን የለም። ሌባው መደበቅ አያስፈልገውም፤ መብራቱ፣ ሙቀቱና ኔትወርኩ ተባብረው ይሸፍኑለታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኤ-ፓርሰር-ጄኤስ የሚባል ፓኬጅ ተጠልፎ ያወረደው ሰው ኮምፒውተር ላይ ዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍር ፕሮግራም ሲጭን፣ የሌላ አገር ሰው ማሽኑ ሲግልና ማራገቢያው ሲጮህ ይጠረጥራል። መርሳ ላይ በግንቦት ማራገቢያ ቢጮህ ማን ምን ይላል? መስኮት ይከፍታል እንጂ።

ነገሩ የእኛ የድሆቹ ብቻም አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። የኤክስዚ ጉድ ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰው ከሌለው ሂሳብ ብር እንዲያወጣ ሲፈቅድ አድሮ ነበር። ባንኩ ጥቃት አይደለም፣ ሲስተሙን በማደስ ሂደት የተፈጠረ ችግር ነው አለ፤ 801 ሚሊዮን ብር ያለአግባብ መወሰዱንም አሳወቀ። ከሁሉ ቀድመው ያወቁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ወሬው ከዶርም ዶርም ሲሮጥ አድሯል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እንዲህ ያለውን ቀን የሚለየው ብሩ ከማሽኑ መውጣቱ ነው። ባይወጣ ኖሮ «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልፍ ነበር።

ደግሞ እኛ ጋ ያለፈው ነገር ቀላል መሰላችሁ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትቆይ መብራቱም ስልኩም አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘረፈ። ኮምፒውተሩ ሲመለስ፣ መስመሩ ሲቀጠል፣ ሰው ከሞት ተነሣሁ ሲል፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ፕሮግራመር ነኝ የሚል ሰው ያለ ኢንተርኔት እንዴት ይሠራል ትሉኛላችሁ። በፍላሽ ነዋ! አዲስ አበባ ወይ ደሴ የሄደ ሰው ፓኬጁን በፍላሽ ጭኖ ይመጣል፤ ያ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ከወልድያ መርሳ፣ ከመርሳ ውርጌሳ ይደርሳል። በየደረሰበት ሾርትከት ቫይረሱን ይሰበስባል። የምርቃት ጽሑፉ ያለበት ፎልደር ወደ ሾርትከት ተቀይሮበት ያላለቀሰ ተማሪ አላውቅም። ፎቶሾፑ ክራክ ነው፣ ዊንዶውሱ ክራክ ነው፣ የክራኩ መመሪያ የመጀመሪያ መስመር ደግሞ «አንቲቫይረስህን አጥፋ» ይላል። እናጠፋለን። በዚህ ኑሮ ላይ «የፓኬጁን ዲጂታል ፊርማ አረጋግጥ» የሚል ምክር ሲመጣ መሳቅ ነው ወይስ ማልቀስ?

ምክሮቹስ መች ይስማማሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሎግ-ፎር-ጄ የሚባለው የጃቫ ላይብረሪ አደገኛ ቀዳዳ ሲገኝበት ዓለም በአንድ ድምፅ «አሁኑኑ አድሱ» ብሎ ጮኸ። የዘገየ ተወረረ። ኤክስዚ ሲመጣ ደግሞ ለአደጋ የተጋለጠው የቸኮለው ነው፤ አዲሱን እትም ያልጫነ ዳነ። ብታድስ መርዝ፣ ባታድስ ቀዳዳ። ሁለቱንም በገዛ ዳታህ ነው የምታወርደው። የከፈለ ይጠበቃል የሚሉም አሉ፤ ፓኬጅ እየመረመሩ የሚያስጠነቅቁ አገልግሎቶች ሞልተዋል። ዋጋቸው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ ዶላር የሚለውን ቃል ሐጂ ፊት ማንሣት ትቻለሁ። አስቀድሞም የዱቤ መዝገቡን ክፍያ በብርቱካን ካልወሰድክ ብለውኛል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨምሯል። በአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ገብተው ኮድ የጀመሩ ልጆች እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ ጎበዞች ናቸው፣ ደስ ይላሉ። ግን መጽሐፍ አይጠይቁም፤ ቻትጂፒቲን ነው የሚጠይቁት። እሱ ደግሞ ሳያፍር የሌለ ፓኬጅ ስም ጠርቶ «ይህን ጫን» ይላል። የሌለ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ «አልተገኘም» ብሎ ያቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ተመራማሪ የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ደጋግሞ ከሚጠራቸው የሌሉ ስሞች አንዱን ወስዶ፣ ባዶ ፓኬጅ ሠርቶ ፓይፒአይ ላይ ቢያስቀምጠው በሦስት ወር ውስጥ ከ30,000 ጊዜ በላይ ወረደ። እሱ ባዶ አደረገው፤ ክፉ ሰው ባዶ አያደርገውም። ስም ማመሳሰሉማ የቆየ ሥራ ነው። ኮሎራማ የሚባል የታወቀ የፓይተን ፓኬጅ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደተደረሰበት፣ አንዱ በእንግሊዞቹ አጻጻፍ አንዲት ፊደል ጨምሮ ተመሳሳዩን አስቀምጦ ነበር። ያወረደው ሰው ቢትኮይን ሊልክ አድራሻ ሲገለብጥ ወደ ሌባው አድራሻ ይቀየርበት ነበር። እኛን ደግሞ ትምህርት ቤት ያስተማሩን የእንግሊዞቹን አጻጻፍ ነው። ፊደል አሟልቶ የጻፈ ጎበዝ ተማሪ ይዘረፋል ማለት ነው!

ሰሞኑን አዋቂዎቹ አዲስ መላ አምጥተዋል። የተመረዘ ፓኬጅ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት፣ ቢበዛ በቀናት ውስጥ ይነቃበታል፤ ስለዚህ አዲስ እትም ሲወጣ ጥቂት ቀን ሳትጭኑት ቆዩ ይላሉ። ፒኤንፒኤም የሚባለው፣ ከኤንፒኤም ፓኬጅ የሚያወርድ መሣሪያ፣ በመስከረም 2018 ለዚሁ የሚሆን ማስተካከያ ጨምሯል፤ «ከወጣ ይህን ያህል ጊዜ ያልሞላውን አታምጣብኝ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ይህን ሳነብ ሳልወድ ሳቅሁ። ሰሜን ወሎ ስንት ዘመን ሳትታዘዝ የቆየችውን መቆየት አሁን ብልሃት ብለው አመጡት! ሐራ ገበያ ላይ ይመጣል የተባለውን ባቡር ስንጠብቅ ስንት ዓመታችን ነው፤ ስለ መቆየት እኛን ጠይቁን። ለማንኛውም ምክሩ ደህና ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ የእኛ ዝግመት ለቁም ነገር ዋለ ብዬ ልጠቀምበት ተነሣሁ። ትእዛዙን ጻፍኩ፤ አያውቀውም። ለካ የሚሠራው በአዲሱ እትም ላይ ብቻ ነው፤ እኔ ያለኝ ፒኤንፒኤም አሮጌ ነው። አልቸኩልም ለማለት ዛሬውኑ ቸኩዬ ማደስ አለብኝ፤ ያውም በራሴ ዳታ።